ካፌ ወይም ሱቅ ካላችሁ፦ አካል ጉዳተኛ ደንበኛ ሳይቸገር እንዲገለገል ምን ታስተካክላላችሁ?

ሜትር ካላችሁ ያዙ። ከሌላችሁ ከአንድ ግንበኛ ተዋሱና ወጥታችሁ አስፋልቱ ዳር ቁሙ። ሰው ከታክሲ ወርዶ ባንኮኒያችሁ ድረስ የሚመጣበትን መንገድ እየሄዳችሁ ለኩ። ስንት ደረጃ አለ? እያንዳንዱ ስንት ሴንቲ ነው? በሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ምን ያህል ያስገባል? መሀል ላይ ምን ተገትሯል? ጄኔሬተር? የለስላሳ ሳጥን? የጎረቤት ሞተር? ሁሉንም ጻፉት።

ይህን የምጽፈው ለትልልቆቹ ሆቴሎች አይደለም። እነሱ አርክቴክት ይቀጥራሉ። የማወራው ለጀበና ቡና ቤቱ፣ ለምግብ ቤቱ፣ ለፋርማሲው፣ ለፀጉር ቤቱና ለልብስ ሱቁ ነው። ግድግዳችሁ ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብላችሁ ለጥፋችሁ የለ? እንግዲያው በዊልቸር፣ በክራንች፣ በነጭ በትር የሚመጣውም ንጉሥ ነው። ከፍሎ ነው የሚበላው። ካልተመቸው ደግሞ ብቻውን አይቀርም፤ አብረውት ሊመጡ የነበሩት ጓደኞቹም ሌላ ቤት ይሄዳሉ።

መጀመሪያ በር ላይ ያለው ሰው

ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት፣ ከማሠራታችሁ በፊት ጥበቃውን አናግሩ። ብዙ ቦታ ከደረጃው ቀድሞ የሚያስቆመው እሱ ነው። ዓይነ ስውር ሰው በትሩን መታ መታ እያደረገ ሲመጣ ገና ከሩቁ «እግዜር ይስጥልን» ይላል። ለማኝ መስሎታል! መገናኛ አካባቢ አንድ ካፌ ተቀምጬ ያየሁት ደግሞ ይባስ ነበር። ሱፍ የለበሰ፣ የላፕቶፕ ቦርሳ የያዘ ሰው በትሩን አጣጥፎ ወንበር ስቦ ሊቀመጥ ሲል አስተናጋጇ መጥታ አምስት ብር እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ሳቅ ብሎ «ማኪያቶ ስንት ነው? በዚህ ላይ ልጨምርበት» አላት። ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር።

ክፉ ሆና አይደለም፤ ማንም ስላልነገራት ነው። ስለዚህ ንገሯቸው። ቤቱ ቀዝቀዝ የሚልበት ሰዓት ላይ ጥበቃውንም፣ አስተናጋጁንም፣ ካሸሯንም፣ ጽዳቷንም ሰብስቡና ይቺን ተነጋገሩባት።

ሳይጠይቁ አይንኩ። «ላግዝዎት?» ብሎ መልሱን መጠበቅ ነው። አይ ካለ አይ ነው። ዊልቸር ከኋላ ሄዶ መግፋት፣ የዓይነ ስውርን በትር ይዞ መጎተት፣ ክራንች ወስዶ ጥግ ማቆም፣ እነዚህ ሁሉ ሰውየውን ራሱን እንደመያዝ ናቸው። ዓይነ ስውር ደንበኛ «እሺ ምራኝ» ካለ ክንዱን አትያዙት፤ እሱ የእናንተን ክርን ይያዝ። ግማሽ እርምጃ ቀድማችሁ ተራመዱ። ደረጃ ሲመጣ «ደረጃ አለ፣ ወደ ላይ፣ ሁለት ነው» በሉ። «ተጠንቀቅ!» ብሎ መጮህ ምንም አይጠቅምም። ከምኑ ይጠንቀቅ? «እዚያ ጋ ነው» እያሉ በጣት መጠቆምም ያው ነው። «በቀኝህ በኩል፣ ሦስት እርምጃ» ይባላል።

ደግሞ ሰውየውን ራሱን አናግሩት። አብሮት የመጣውን ልጅ «እሱ ምን ይፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነገር ነው። ሰውየው እኮ አፍ አለው። ጆሮው የማይሰማ ቢሆን እንኳ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ የምታወሩት ለእሱ እንጂ ለአስተርጓሚው አይደለም። «ከልጅነትህ ነው?»፣ «አይዞህ የኔ ምስኪን»፣ «ጸበል ሞክረሃል?» የሚሉትንም ተዉአቸው። ሰውየው የመጣው ክትፎ ሊበላ ነው።

ፍተሻ ካለ ይፈተሽ፤ ማንም አይቀርም። ብቻ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ጭኑ ላይ ያስቀመጠውን ቦርሳ ሳትነግሩት አታንሱ።

ደረጃው

የእኛ አገር ሱቅ ደጃፍ ደረጃ የሚበዛው ያለምክንያት አይደለም። ክረምት ላይ ጎርፍ እንዳይገባ ተብሎ ደፉ ከፍ ይደረጋል። ስለዚህ አፍርሱት አልልም። ራምፕ ሥሩለት፤ ግን በልኩ።

ብዙ አገር የሚሠራበት ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው። ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ከፍታ 12 ሴንቲ ርዝመት ማለት ነው። ደረጃችሁ 15 ሴንቲ ከሆነ ራምፑ 1 ሜትር ከ80 ይረዝማል። ሁለት ደረጃ፣ 30 ሴንቲ ከሆነ 3 ሜትር ከ60 ነው። «ይሄን ያህል ቦታ ከየት ይመጣል?» ትሉኛላችሁ። ፊት ለፊት ላይኖር ይችላል። ታዲያ በግድግዳው ጎን አስኪዱት። ወይም ዕቃ የምታስገቡበት የጎን በር ዝቅ ያለ ከሆነ እሱን አስተካክሉትና ዋናው በር ላይ ወደዚያ የሚያመለክት ምልክት ለጥፉ፤ ጓሮውን ግን አጽዱት፣ ደንበኛ በሽንኩርት ልጣጭ መሀል አይገባም። የማይሆነው አሳጥሮ ገደል ማድረግ ነው። ለይስሙላ የተሠሩ ራምፖች ስንት አሉ መሰላችሁ፤ አንዳንዱ ላይ እንኳን ዊልቸር ጤነኛ እግርም ይንሸራተታል፣ ሌላው ቆንጆ ሆኖ ተሠርቶ ጫፉ ላይ የመብራት ምሰሶ ይጠብቃችኋል፣ የቀረው ላይ ደግሞ የባለቤቱ መኪና ቆሞበታል።

ስፋቱ ከ90 ሴንቲ አይነስ፤ አንድ ሜትር ቢሆን ይሻላል። በሩ ፊት፣ ራምፑ ሲያልቅ፣ 1 ሜትር ተኩል ያህል ሜዳ ይኑር፤ ያለበለዚያ ሰውየው በአንድ እጁ በር ሊከፍት ሲል ወንበሩ ወደ ኋላ ይሄድበታል። ጠርዙ ላይ ጎማ እንዳያመልጥ 5 ሴንቲ ያህል ከፍታ ይሠራለት። ረዘም ካለ በሁለቱም በኩል መደገፊያ ብረት ይግባ፤ ቁመቱ 90 ሴንቲ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ላዩን ሴራሚክ እንዳታለብሱት። አደራ! ግንበኛው «ያምራል» ይላችኋል። ሐምሌ ላይ ታዩታላችሁ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ሸካራ ይደረግና በቃ። ውኃ የሚያልፍበት ዲች ካለ ደግሞ አትድፈኑት፤ ከራምፑ ሥር ቱቦ አሳልፉለት።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። የዊልቸር የፊት ጎማዎች ትንንሽ ናቸው። ራምፑ መሬት በሚነካበት ጫፍ 2 ሴንቲ ከፍ ያለ ጉብታ ከቀረ፣ ወይም ኮብልስቶኑ መሀል ክፍተት ካለ፣ እነዚያ ጎማዎች ቀጥ ይላሉ፣ ሰውየው ግን ወደ ፊት ይሄዳል። ጫፉን በእጃችሁ ዳብሱት። እጃችሁን የሚያደናቅፍ ነገር ጎማውንም ያደናቅፈዋል።

ቤቱ ኪራይ ሆኖ መገንባት ካልቻላችሁ ብየዳ ቤት ሂዱ። ለአንድ ደረጃ የሚሆን ሸካራ ላሜራ፣ ከሥሩ በአንግል የተጠናከረ፣ ደፉ ላይ የሚይዝ መንጠቆ ያለው አሠሩ። ለ10 ሴንቲ ደፍ 1 ሜትር ከ20 ይበቃል። ሁለት ሰው የሚያነሳው ይሁን። ጠዋት ሲከፈት ይዘረጋል፣ ማታ ይገባል። ሁለት ቀጫጭን ቦይ ብቻ ዘርግቶ ጎማውን በዚያ ላይ ሂድ ማለት ግን አይሠራም፤ የሁሉም ዊልቸር ስፋት አንድ አይደለም።

አከራዩ «ሕንፃዬን አታበላሹብኝ» ካለ ሕጉን አንሱለት፤ አዋጁ ተሻሽሎ ወይም ተተክቶ እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ አጣሩ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ አንቀጽ 36፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድ ሰውም፣ መራመድ ቢችልም ደረጃ ለሚያቅተው ሰውም የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዟል። መጸዳጃ ቤቱንም ጨምሮ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አጽድቃለች። አከራይ ሕግ ሲሰማ ለስለስ ይላል፤ ካልለሰለሰም ላሜራዋ አለችላችሁ። ብቻ ራምፓችሁ የእግረኛውን መንገድ ይዞ እንዳይወጣ። ለአንዱ መግቢያ ስትሉ የሌላውን መሄጃ መዝጋት ይሆናል፣ ወረዳውም ዝም አይላችሁም።

«እኛ ተሸክመን እናስገባዋለን፣ ምን ችግር አለው?» የሚሉ አሉ። በቅንነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ማኪያቶ ለመጠጣት በአራት ጎረምሳ መሸከም የሚወድ ሰው የለም፣ ደግሞም ይወድቃል። ሌላ መንገድ ጠፍቶ እሱ ራሱ ከጠየቃችሁ የት የት መያዝ እንዳለባችሁ እሱ ይንገራችሁ። የእጅ መደገፊያውን ይዛችሁ እንዳታነሱ፤ የብዙ ዊልቸር መደገፊያ ተነቃይ ነው፣ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

በእጅ የሚዘወር ባለሦስት ጎማ ይዘው የሚመጡም አሉ። እሱ በር አይገባም። ውጭ ጥበቃው የሚያየው ቦታ ላይ ጥላ ያለበት ማቆሚያ ስጧቸው፣ ከዚያ በክራንች ይገባሉ። በእጃቸው መሬት ይዘው የሚገቡ ሰዎችም ስላሉ የመግቢያው ወለል ንጽሕና ቀላል ነገር አይደለም።

ውስጥ

በሩ ቢያንስ 80 ሴንቲ ያስገባ፤ 90 ከሆነ አሪፍ ነው። ባለሁለት ተካፋች ሆኖ አንዱ ሁልጊዜ ተቀርቅሮ ከሆነ መቀርቀሪያውን ክፈቱት፣ ይኸው ነው ሥራው። በጠረጴዛዎቹ መሀል 90 ሴንቲ መተላለፊያ ተዉ። አንድ ወይም ሁለት ጠረጴዛ ከመግቢያው ሳይርቅ፣ ከሥሩ ጉልበት የሚያስገባ ይሁን። ከመሬት እስከ ጠረጴዛው የታችኛው ክፍል 70 ሴንቲ ያህል ካለ ዊልቸሩ ይገባል። ወንበሩ ደግሞ ተነሺ ይሁን፤ መሬት ላይ የተበየደ ከሆነ ሰውየው መተላለፊያው ላይ ተቀምጦ ሊበላ ነው።

ጀበና ቡና ቤቶች፣ በርጩማችሁን አልጠላም። ግን ክራንች ለያዘ ሰው፣ ጉልበቱን ለሚያመው አዛውንት፣ ለነፍሰ ጡርም ጭምር እዚያ ታች መቀመጥ አንድ ጣጣ፣ መነሳት ሌላ ጣጣ ነው። መደገፊያ ያለው መደበኛ ወንበር ሁለት አስቀምጡ። የከሰል ምድጃውንም ከመንገድ ላይ አንሱ፤ በትር የሚዳስሰው ወደ ጎን ነው፣ ከሰሉ ቦግ ማለቱን አይናገርም።

ቄጠማውስ? በዓል ሲሆን ሴራሚክ ላይ እርጥብ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ያምራል፣ ይሸታል፣ የክራንችን ጫፍ ግን እንደ ሙዝ ልጣጭ ያንሸራትተዋል። ጥግ ጥጉን ጎዝጉዙ፣ መተላለፊያውን ተዉት። ወለል ስትወለውሉም በግማሽ በግማሽ ይሁን፤ አንዱ በኩል እስኪደርቅ ሌላው ይቆይ።

ሞንታርቦ በር ላይ የምትደቅኑ የልብስና የጫማ ሱቆች ደግሞ አሉ። ዓይነ ስውር ሰው መንገዱን የሚያውቀው በጆሮው ነው። የመኪናውን ድምፅ፣ የሰዉን እርምጃ፣ የበራችሁን መከፈት ይሰማል። ሞንታርቦው ያን ሁሉ ያጠፋበታል፤ መንገድ ላይ ዓይኑን እንደመሸፈን ነው። ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ይዛ የመጣች እናትም ገና በሩ ላይ ልጇ ጆሮውን ይዞ ስለሚጮህ ትመለሳለች። ቀንሱት። ሠራተኞቻችሁም ያመሰግኗችኋል።

ባንኮኒው ከፍ ያለ ከሆነ፣ ብዙውም ከፍ ያለ ነው፣ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ወይም ቁመቱ አጭር የሆነ ሰው ከካሸሯ አናት በቀር የሚታየው የለም። አንዱን ጫፍ 80 ሴንቲ አካባቢ ዝቅ አድርጉት። ካልሆነ ካሸሯ ወጥታ ሒሳብ ትቀበል።

ሒሳብ ላይ ሳለን፦ ለዓይነ ስውር ደንበኛ መልስ ስትሰጡ እያንዳንዱን ኖት ስሙን እየጠራችሁ እጁ ላይ አስቀምጡ። «ይሄ መቶ፣ ይሄ ሃምሳ፣ ይሄ አሥር።» ጠቅልሎ ማስጨበጥ የለም። በቴሌብር ከከፈለ ስልኩ ራሱ ያነብለታል፣ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፣ ታገሱት። «ፒንህን ንገረኝና ልጻፍልህ» የሚባል ነገር በጭራሽ እንዳይሰማ።

ምግቡ ሲቀርብ

ዓይነ ስውር ደንበኛ ሲቀመጥ ሜኑ ሰጥታችሁት ብቻ አትሂዱ። ቁጭ ብላችሁ አንብቡለት፣ ዋጋውንም ጭምር። «ምን የመሰለ ሽሮ አለን» ብላችሁ አንዱን ብቻ አትሽጡለት። ምግብ ሲያዝዝ ስማችሁን ንገሩት፣ ሲፈልግ እንዲጠራችሁ። ትታችሁት ስትሄዱም «መጣሁ» በሉ፤ ያለበለዚያ ባዶ ወንበር ያናግራል።

በያይነቱ ሲመጣ ትሪውን ዱብ አድርጎ መሄድ የለም። «ሽሮው መሀል ላይ ነው፣ ወደ አንተ በኩል ጎመን፣ በቀኝህ ምስር፣ በግራህ ድንችና ካሮት፣ ቃሪያው ወዲያኛው ጫፍ ላይ፣ ተጨማሪ እንጀራ በግራ እጅህ ሳህን ላይ» ብላችሁ ትነግሩታላችሁ። አሥር ሰከንድ ነው። ትኩስ ሻይ ሲሆን ብርጭቆው የተቀመጠበትን ንገሩት፣ ከፈለገ እጁን ወደ መያዣው አስጠጉለት።

እጅ መታጠቢያውን ስንቶቻችሁ አስባችሁታል? ብዙ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ፣ በእርጥብ ወለል ላይ የሚደረስበት ነው። የድሮው ማስታጠቢያ እኮ ይህን ከፈታው ቆይቷል። ጆግና ሳፋ ይዛችሁ ሳሙና አቀብላችሁ ጠረጴዛው ድረስ አስታጥቡት። ባህላዊ ምግብ ቤቶች ለቱሪስት ያደርጉታል፤ ለእሱም አድርጉለት።

መስማት የተሳነው ደንበኛ

አትጩሁ። ጩኸት አይሰማም፣ ፊታችሁን ግን ያኮማትረዋል፣ እሱ ደግሞ የሚያነበው ፊታችሁን ነው። ብርሃን ፊታችሁ ላይ ይሁን፤ መስኮት ከኋላችሁ ካለ ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። አፋችሁን በእጅ አትሸፍኑ። ዋጋ በካልኩሌተር ይታያል፣ ሌላው በስልክ ላይ ይጻፋል። ግን ሁሉም መስማት የተሳነው ሰው አማርኛ ያነባል ብላችሁ አትነሱ፤ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል ያላገኘ ብዙ ሰው አለ። ሜኑው ላይ የምግቡ ፎቶ ቢኖር ለእሱም፣ ለውጭ አገር ሰውም፣ መነጽሩን ረስቶ ለመጣውም ይጠቅማል።

ተራ በስም የምትጠሩ ጁስ ቤቶች፣ በርገር ቤቶች፣ ክሊኒኮች፦ የማይሰማ ሰው ስሙ ተጠርቶ አልፎት ግማሽ ቀን ይቀመጣል። ቁጥር ስጡና ቁጥሩን ከፍ አድርጋችሁ አሳዩ፣ ወይም ሄዳችሁ ንገሩት።

ከቻላችሁ ከሠራተኞቻችሁ አንዱ መሠረታዊ የምልክት ቋንቋ ይማር። ሰላምታ፣ ምስጋና፣ ቁጥር፣ «ስኳር ይጨመር?» ያህል እንኳ ብዙ ነው። የምትማሩት የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ ይሁን፤ ዩቲዩብ ላይ የምታገኙት ብዙው የሌላ አገር ነው። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን ብትጠይቁ ይጠቁሟችኋል።

ፋርማሲዎች ለብቻ አንድ ቃል አለኝ። መድኃኒት አወሳሰድ እየጮኹ ማስረዳት የሰውየውን ሕመም ለሰልፉ ሁሉ መንገር ነው። ጻፉለት፣ ወይም በሥዕል አሳዩት፦ ፀሐይ ስትወጣ አንድ፣ ጨረቃ ስትወጣ አንድ። ለዓይነ ስውር ደንበኛ ሁለት የሚመሳሰሉ ብልቃጦች ከሰጣችሁ አንዱን በላስቲክ እሰሩና «ላስቲክ ያለው የማታው ነው» በሉት።

መጸዳጃ ቤት

ከባዱ ይሄ ነው፣ አልዋሻችሁም። የቁጢጥ ሽንት ቤት ክራንች ለያዘ ሰው አይሆንም። ባለ መቀመጫው ቢያንስ አንድ ይኑር፤ ቁመቱ ከ45 እስከ 48 ሴንቲ፣ ጎኑ ላይ ክብደት የሚችል መያዣ ብረት። ፎጣ መስቀያው መያዣ አይደለም፣ ሰው ሲደገፍበት ይነቀላል። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ሰው ቢወድቅ በሩን ይዘጋዋል። ዊልቸር እንዲዞርበት 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ከሠራችሁት በኋላ ደግሞ መጋዘን አታድርጉት። የዊልቸር ምልክት የተለጠፈበት በር ሲከፈት መወልወያ፣ የተሰበረ ወንበርና የቢራ ሳጥን የሚወጣበት ስንት ሕንፃ አለ!

ቦታው ጭራሽ ካልፈቀደ ጎረቤት ሕንፃ የሚሆን መጸዳጃ ካለ ከአስተዳደሩ ጋር ተስማሙና ደንበኛችሁ እንዲጠቀም አድርጉ። ይህንንም ሳይመጣ በፊት ንገሩት።

ቴሌግራማችሁና ስልካችሁ

«ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ተዉት። ስልኩ የሚያነብለት ዓይነ ስውር ሰው ፎቶ ላይ የተጻፈውን ዋጋ፣ ስልክ ቁጥርና አድራሻ ማንበብ ሊያቅተው ይችላል። ከፎቶው ሥር በጽሑፍ ድገሙት፦ «ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ ከ38 እስከ 42፣ ዋጋው ይሄን ያህል»። በድምፅ ብቻ የምትመልሱም አላችሁ፤ መስማት ለተሳነው ጽሑፍ ጻፉ። ቪዲዮ ከሠራችሁ የሚነገረውን ከሥሩ አስጽፉ። ለማዘዝ ስልክ መደወል ብቻ ግዴታ ከሆነ የማይሰማውን ሰው ከመጀመሪያው አስወጣችሁት።

ገጻችሁ ላይ ስለ ቤታችሁ እውነቱን ጻፉ። «ለአካል ጉዳተኞች ምቹ» የሚል መፈክር ሳይሆን፦ «መግቢያው ላይ አንድ 10 ሴንቲ ደፍ አለ፣ ላሜራ እንዘረጋለን። በሩ 85 ሴንቲ ነው። መጸዳጃው ምድር ላይ ነው፣ መያዣ ብረት ግን የለውም።» ሰው ይህን አይቶ ራሱ ይወስናል። ጉግል ማፕ ላይም የቢዝነስ መረጃችሁ ውስጥ መግቢያው ለዊልቸር ይሆናል አይሆንም የሚል መሙያ አለ። ሙሉት፤ ሳይኖራችሁ ግን አለን አትበሉ። ራይድ ተከራይቶ ከሲኤምሲ መጥቶ ደረጃ ያገኘ ሰው ዳግመኛ አይመጣም።

ሁሉም ሲያልቅ አስፈትሹት። ዊልቸር ተበድሮ ራሳችሁ ተቀምጣችሁ መሞከር ብዙ አያሳያችሁም፤ ሲከብዳችሁ ትነሳላችሁ። በዊልቸር የሚሄድ፣ ዓይነ ስውር የሆነና መስማት የተሳነው ሰው ጋብዙ። የምታውቁት ከሌለ በከተማችሁ ያሉትን ማኅበራት ጠይቁ። ምሳ ብቻ አብልታችሁ አታሰናብቱ፤ ሥራ ነው፣ ለኤሌክትሪሺያን እንደምትከፍሉ ክፈሉ። ማንም ሳይረዳቸው ይግቡ፣ ይዘዙ፣ ይክፈሉ፣ መጸዳጃ ይጠቀሙ፣ እናንተ ዝም ብላችሁ እዩ። የሚቆሙበት ቦታ ሁሉ ይጻፍ። ስልካቸውንም ያዙ፤ ሌላ ጊዜ በር ስትቀይሩ ወይም ቤቱን ስታድሱ ከግንበኛው በፊት ለእነሱ ደውሉ።